መንገዱ ስንት ነው? የልዩ ሜትሪኮች አጭር ታሪክ

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ዶክተር፣ ካንቺ አንድ ጽሑፍ እንጠብቃለን» ሲሉኝ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት እንድጽፍ መፈለጋቸው ገብቶኛል። ስለነሱ ግን በየቀኑ ስናወራ ነው የምንውለው። ለእናንተ ለቀድሞ ተማሪዎችና በማስተማር ላይ ላላችሁ መምህራን ማካፈል የፈለግሁት ላለፉት ሦስት ዓመታት ማታ ማታ ሳነብ የቆየሁትን ነው፦ በሂሳብ ውስጥ «ልዩ ኸርሚሺያን ሜትሪኮች» የሚባሉት ነገሮች ከየት እንደመጡ። አይዟችሁ፣ ቀመር የለበትም። ፍሬሽማን ላይ ካልኩለስን በጭንቅ ያለፍን የሕክምና ተማሪዎች ብዙ ነበርን፤ ለነሱም ጭምር ነው የምጽፈው።

ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሂሳብ ያስተምራል፤ የዶክትሬት ጥናቱንም የያዘው በዚሁ ርዕስ ላይ ነው። ዘመዶቻችን የእኔን ሥራ ያውቁታል፤ የሱን ግን ምን ብለው እንደሚጠሩት ግራ ይገባቸዋል። አጎቶቻችን በየበዓሉ «ተው ልጄ፣ አሁንም አልረፈደም፣ የሚበላ ነገር ተማር» ይሉታል። በዚያ ላይ ተማሪው እየሳሳ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኝ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ የ2015 ዓ.ም. ፈተና ውጤትም ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ካለፉት ውስጥ ሂሳብን በፈቃዱ የሚመርጥ ስንት ነው? ባለፈው ፋሲካ «እታለም፣ እኔም ልተወው ይሆን?» አለኝ። የሚተወው ነገር ምን እንደሆነ ሳላውቅ መምከር አልፈለግሁም። ስለዚህ ማንበቤን በረታሁበት።

መካነ ሰላም ያደገ ሰው ርቀት ምን ማለት እንደሆነ ከሂሳብ መምህሩ በፊት መሬቱ ያስተምረዋል። ከደሴ በአቀስታ አድርጎ የሚመጣው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ብትለኩት ግን 105 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ወደ ምዕራብ ደግሞ ከዓባይ ማዶ፣ ጎጃም ውስጥ፣ መርጡለ ማርያም አለች። በማስመሪያ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናት። በእግር ግን ከደጋው ወርዶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ደጋ መውጣት ነው። አያቶቻችን «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አይሉም ነበር። «የስንት ቀን መንገድ ነው?» ነው የሚሉት።

ሜትሪክ ማለት ይኸው ነው፦ በእያንዳንዱ ቦታ፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ፣ አንዲት ትንሽ እርምጃ ስንት እንደምታስከፍል የሚናገር ደንብ። ደንቡ ካለ የማንኛውንም መንገድ ርዝመት እርምጃ በእርምጃ ደምሮ ማወቅ ይቻላል። (ይህ የሂሳቡ ሜትሪክ ሽቅቡንና ቁልቁሉን በእኩል ዋጋ ያስባል፤ ለቦረና ገበሬ ብትነግሩት ይስቅባችኋል።)

አገራችንን በመሣሪያ ከለኩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ነው። ከወንድሙ ከአርኖ ጋር መጥቶ እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ ተዘዋወረ፤ ሥራውን «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» ብሎ ከ1860 እስከ 1873 ባለው ጊዜ አሳተመ። በአውሮፓ ደንብ መሬቱን በጥንቃቄ እየቀየሱ መሄድ ለአንድ መንገደኛ የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ ፈጠን ያለ ዘዴ አበጀ፦ ከከፍታ ወደ ከፍታ አንግል እየወሰደ፣ ያንንም በፀሐይና በከዋክብት እያረመ። ምርጡ ዘዴ ሲከለከል ሁለተኛውን ምርጥ ሠራ ማለት ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ወደፊት እንፈልገዋለን።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961፣ የዓባይ ተፋሰስ በአሜሪካና በኢትዮጵያ ቀያሾች ተለካ። ልኬቱ የተያያዘው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ካለችው የአዲንዳን ነጥብ ጋር ነው፤ የመሬት ቅርጽ ደግሞ የክላርክ የ1880 ልኬት ተወሰደ። የአገራችን 1 ለ50,000 ካርታዎች ለብዙ ዘመን በዚህ ነበር የሚሠሩት። ዛሬ ከስልካችሁ ጂፒኤስ ያነበባችሁትን ቁጥር እዚያ አሮጌ ካርታ ላይ ብታስቀምጡ ነጥቡ ከ100 ሜትር በላይ ይስታል። ገደል አፋፍ ላይ ለቆመ ሰው 100 ሜትር ቀላል ነገር አይደለም። መሬቱ ግን ስንዝር አልተነቃነቀም፤ የተቀየረው መለኪያው ነው።

የዘመናችን ጂኦሜትሪ ራሱ ከቅየሳ ነው የተወለደው። ጋውስ የሃኖቨርን ግዛት ሲቀይስ ቆይቶ ስለ ጎባጣ ገጾች የጻፈውን ታላቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1827 አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1854 ደግሞ ሪማን የሚባል ወጣት ጋውስ በተቀመጠበት ጉባኤ ስለ ሜትሪክ ንግግር አደረገ፤ ሐሳቡን ከመሬት ገጽ አላቆ በፈለጉት ልኬት ላለ ማንኛውም ቦታ አዋለው። እንዲህ ያለውን ቦታ ሂሳበኞች ማኒፎልድ ይሉታል። ሪማን በ39 ዓመቱ ጣሊያን ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ዛሬ በየጤና ጣቢያው በነፃ በሚሰጥ የስድስት ወር መድኃኒት በምናክመው በሽታ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሳነብ ቶሎ ገጽ መግለጥ ያቅተኛል።

ኸርሚሺያን የሚለው ስም የመጣው ከፈረንሳዊው ሻርል ኤርሚት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1822 ተወልዶ በ1901 የሞተ። ቀኝ እግሩ ጉዳት ስለነበረበት እንደልቡ መራመድ አይችልም ነበር። በፓሪስ ኤኮል ፖሊቴክኒክ አንድ ዓመት ከተማረ በኋላ በዚሁ በእግሩ ምክንያት መቀጠል ተከለከለ። ያ የተከለከለ ልጅ ነው በኋላ የክፍለ ዘመኑ ታላላቅ ሂሳበኞች አንዱ የሆነው። ደረጃ ብቻ ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምታስተምሩ መምህራን ይህን ታሪክ አንዳንዴ አስታውሱት።

ለሜትሪካችን የሚያስፈልገን የኤርሚት ሐሳብ ኮምፕሌክስ ቁጥርን የሚነካው ነው። «አይ» በሚባለው ቁጥር ማባዛት አንድን ቀስት ሩብ ዙር፣ 90 ዲግሪ ያዞረዋል። ሁለቴ ብታባዙት ቀስቱ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞራል፤ በነጌቲቭ 1 እንደ ማባዛት ነው። ኮምፕሌክስ ማኒፎልድ ማለት በየነጥቡ እንዲህ ያለ የሩብ ዙር ደንብ ያለው፣ ሰፈር ለሰፈርም በኮምፕሌክስ ቁጥር የሚነበብ ቦታ ነው። ኮምፓክት ሲባል ደግሞ እዚህ እንደ ኳስ ገጽ በራሱ የተዘጋ፣ ጠርዝ የሌለውና ያለ ማብቂያ የማይዘረጋ ማለት ነው። ኸርሚሺያን ሜትሪክ ይህን ሩብ ዙር የሚያከብር ሜትሪክ ነው፦ አንዱን እርምጃ ብታዞሩት ርዝመቱ አይለወጥም።

እንዲህ ያለ ሜትሪክ ምንጊዜም ይገኛል። በየሰፈሩ አንድ አንድ ሠርቶ መጋጠሚያው ላይ ማዋሃድ ነው፤ እንደ ድሪቶ ይሰፋል። ግን ድሪቶ ድሪቶ ነው። ከዚህ ሁሉ መሃል «ልዩ» የሚባል፣ አንድ ወጥ ሸማ የመሰለ ይገኝ ይሆን ወይ? የዘጠና ዓመቱ ታሪክ ይህችው ጥያቄ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1933 የ27 ዓመቱ ጀርመናዊ ኤሪኽ ኬለር በሃምቡርግ የሂሳብ መጽሔት ላይ 14 ገጽ ጽሑፍ አወጣ። ርዕሱ «ስለ አንድ አስደናቂ ኸርሚሺያን ሜትሪክ» የሚል ነበር። አስደናቂነቱን ወንድሜ እንዲህ ነው ያስረዳኝ። አንድ ቀስት ይዘሽ ገጹ በሚፈቅደው መጠን ሳታጣምሚው ረጅም መንገድ ሂጂ፤ ከዚያ ሩብ ዙር አዙሪው። ወይም ደግሞ አስቀድመሽ አዙሪውና ከዚያ ሂጂ። ሁለቱ መንገዶች ሁልጊዜ አንድ ቀስት ካደረሱሽ ሜትሪኩ ኬለር ነው። በድሪቶ ሜትሪክ ላይ ሁለቱ ይለያያሉ። ኬለር ላይ ግን መንገዱና ዙሩ ተስማምተዋል፤ ከዚህች አንዲት ስምምነት የሚፈልቀው ሂሳብ ብዛቱ ያስገርማል።

ሁለት የኔዘርላንድ ሰዎች፣ ስኾውተንና ቫን ዳንትዚኽ፣ ትንሽ ቀደም ብለው ወደዚሁ ሐሳብ ደርሰው ነበር፤ ስሙ ግን ለኬለር ቀረ። በሕክምናም የለመድነው ነው፤ በሽታ መጀመሪያ ባየው ሰው ስም የሚጠራው ከስንት አንዴ ነው። ኬለር በጦርነቱ ዘመን የጀርመን ባሕር ኃይል ውስጥ አገለገለ፤ በመጨረሻም በፈረንሳይ የጦር እስረኛ ሆነ። እዚያ ካምፕ ውስጥም መጽሐፍ እየደረሰው ሂሳቡን ቀጠለ።

ከዚያ የሆጅ ሥራ መጣ። አንድ ቦታ ላይ ወደ ነጥብ ሊሰበሰቡ የማይችሉ፣ አንዱ ከሌላው የማይወለድ ስንት ዙሮች እንዳሉ መቁጠር ይቻላል። ሆጅ በ1930ዎቹ ባዳበረው ሐሳብ መሠረት፣ ቦታው የኬለር ሜትሪክ ካለው ይህ ቁጥር የግድ ተጋማሽ መሆን አለበት፦ 0፣ 2፣ 4። ለሐኪም እንዲህ ያለ ነገር ደስ ይላል፤ አንድ ቀላል ምርመራ ነው። ቁጥሩ ኢተጋማሽ ከሆነ ኬለርን ከዝርዝሩ ሰርዙ።

ይህ ምርመራ «የለውም» የሚል ውጤት የሰጠበትን ታዋቂ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1948 ያቀረበው ዙሪክ ያስተምር የነበረው ሃይንዝ ሆፕፍ ነው። ሁለት ሁለት ኮምፕሌክስ ቁጥሮችን ጥንድ አድርጋችሁ ውሰዱ፤ ዜሮውን ጥንድ ብቻ አውጡ። ከዚያ እያንዳንዱን ነጥብ ከእጥፉ ጋር አንድ ነው በሉ። በማይክሮስኮፕ ማጉያውን ስትቀይሩ ያው ምስል ተመልሶ እንደሚመጣ አስቡት። ከአንድ ነጥብ ተነሥታችሁ እጥፉ ጋ ስትደርሱ መነሻችሁ ላይ ናችሁ፤ ዙር ሆነ። እንዲህ ያለ ነጻ ዙር ደግሞ በዚህ ቦታ ላይ አንድ ብቻ ነው። አንድ ኢተጋማሽ ነው። ስለዚህ ምንም ያህል ብትደክሙ እዚህ ቦታ ላይ የኬለር ሜትሪክ አይሰፋም። ጉድለቱ ከሰፊው ሳይሆን ከቦታው ከራሱ ነው።

በኬለር ምድር የቀሩት ብዙ አተረፉ፤ ይህን ክፍል ሌሎች በደንብ ስለጻፉት በአጭሩ ልለፈው። ኢዩጄኒዮ ካላቢ ሚላን ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1938 በወጣው የፋሺስቶች የዘር ሕግ ምክንያት ከቤተሰቡ ጋር የተሰደደ ልጅ ነበር፤ ያው መንግሥት ያን ጊዜ አዲስ አበባንም ይዞ ነበር። በ1954 ያቀረበውን ግምት ሺንግ ቱንግ ያው በ1976 አረጋገጠው፤ በ1982ም የፊልድስ ሜዳልያ ተሸለመበት። ካላቢ በ100 ዓመቱ፣ በ2023 ነው ያረፈው። በ1985 ፊዚክስ ሊቃውንት የካላቢና ያው ቦታዎችን ለስትሪንግ ቲዎሪ ወሰዷቸው፤ ስማቸውም በዓለም ናኘ።

እኔን የያዘኝ ግን የተከለከሉት ወገን ታሪክ ነው። ሆፕፍ በሩን ከዘጋው በኋላ እዚያ ቦታ ላይ ምን ይደረጋል? ኮምፕሌክስ ልኬቱ ሁለት ለሆነ ቦታ መልሱ እ.ኤ.አ. በ1983 ተሟላ፦ ያ የዙር ቁጥር ተጋማሽ ከሆነ ኬለር አለ፣ ካልሆነ የለም። ልኬቱ ከሁለት ሲበልጥ ግን እንዲህ ያለ ቀላል ምርመራ የለም።

በ1977 ፖል ጎዱሾን የሚባል ፈረንሳዊ ሌላ መንገድ አሳየ። ማንኛውንም ኸርሚሺያን ሜትሪክ ውሰዱ፤ ያንን ድሪቶ። አንግሎቹን ሳትነኩ፣ በየቦታው በተስማሚ ቁጥር እያባዛችሁ ብቻ፣ አንድ የታወቀ የሚዛን ሕግ የሚያከብር ሜትሪክ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ያም ከጠቅላላ መጠኑ በስተቀር አንድ ብቻ ነው። ሕጉ ከኬለር ይላላል። ነገር ግን በማንኛውም ኮምፓክት ኮምፕሌክስ ማኒፎልድ ላይ ይሠራል፤ ሆፕፍ የዘጋው ቦታ ላይም ጭምር።

ይህን ሳነብ ዋርድ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ኩላሊቱ በጣም የደከመ የስኳር ሕመምተኛ ሲመጣ ሜትፎርሚን አንሰጠውም። የመጀመሪያው ምርጫ የተከለከለው በሕመምተኛው ጥፋት አይደለም፤ አካሉ አይፈቅድም። ታዲያ «መድኃኒቱ አይሆንህም» ብሎ ወደ ቤት የሚሰድ ሐኪም አለ? ሁለተኛውን መስመር እንፈልጋለን፤ ለሁሉም የሚሆን ኢንሱሊን አለ፣ ለአንዳንዱ ብቻ የሚሆን ሌላም አለ። የጎዱሾን ሜትሪክ ለኔ እንደ ኢንሱሊኑ ነው። ከሱና ከኬለር መካከል ደግሞ ለአንዳንዱ ቦታ ብቻ የሚሆኑ አሉ፤ ወንድሜ የሚሠራው እነዚያ ላይ ነው።

ከነዚህ አንዱን፣ ሚዛናዊ የሚባለውን፣ በስፋት ያጠኑት አሜሪካዊቷ ፕሮፌሰር ማሪ ሉዊዝ ሚኬልሶን ናቸው። በ1982 ባወጡት ጽሑፍ ሚዛናዊ ሜትሪክ መቼ እንደሚገኝ ለይተው አሳዩ። ከውጤታቸው የምወደው አቀራረቡን ነው፦ ሜትሪኩ ከሌለ፣ የሚከለክለው አንድ የታወቀ ዓይነት እንቅፋት በእርግጥ አለ፤ እንቅፋቱ ከሌለ ሜትሪኩ አለ። ሦስተኛ ነገር የለም። «ፈልጌ አጣሁ» እና «የለም» የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን ኤክስሬይ ያነበበ ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸው ሁለቱን አስታረቋቸው። ለእኛ የሩጫ አገር ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ እኝህ ሴት በዕድሜ ከገፉ በኋላ ሩጫ ጀምረው በዕድሜ ክልላቸው የዓለም ክብረ ወሰን የሰበሩ ሯጭም ናቸው። ይህን ስነግረው ወንድሜ አላወቀም ነበር። አሥር ጊዜ ያነበበው ጽሑፍ የማን እንደሆነ ያን ዕለት ነው የገባው።

ሌላኛው ዓይነት ከፊዚክስ ጋር ተቀራርቦ ያደገ ነው። ቀስቱንም ሩብ ዙሩንም እያከበራችሁ ለመሄድ ከፈለጋችሁ፣ ኬለር በሌለበት ቦታ፣ መንገዱ ትንሽ መጠምዘዝ አለበት። ፊዚክስ ውስጥ ስትሮሚንገር በ1986፣ ሂሳብ ውስጥ ቢስሙት በ1989 ይህን ጥምዝ አጠኑ። ጥምዙ የተወሰነ ሕግ ሲያከብር ሜትሪኩ በምህጻር ኤስኬቲ ይባላል። ጣሊያናውያኑ አና ፊኖና ሉዊጂ ቬዞኒ ደግሞ እንዲህ ብለው ገመቱ፦ አንድ ቦታ ሚዛናዊ ሜትሪክም ኤስኬቲ ሜትሪክም ካለው፣ ሁለቱ የተለያዩ ሜትሪኮች ቢሆኑም፣ ያ ቦታ የግድ የኬለር ሜትሪክ አለው። ሁለት ዓይነት ሁለተኛ ምርጥ የቻለ፣ ምርጡንም ይችላል እንደማለት ነው። በብዙ የቦታ ዓይነቶች ላይ ልክ ሆኖ ተገኝቷል።

አንዱን ምሳሌ ወንድሜ የእናታችን ምድጃ አጠገብ፣ በደብተር ላይ፣ ሁለት ገጽ በማይሞላ ስሌት ሠርቶ አሳየኝ። በጃፓናዊው ኢዋሳዋ ስም የሚጠራ፣ ሦስት ኮምፕሌክስ ልኬት ያለው ቦታ ነው። ሚዛናዊ ሜትሪክ አለው። ኬለር የለውም። ኤስኬቲም የለውም፤ ግምቱ እንደሚለው። እማዬ ቡናውን እያቀረበች «ይሄ ሁሉ ምኑን ነው የሚለካው?» አለችው። «የሌለውን ነው እማ፤ እንደሌለ ለማወቅ» አላት። «እሱማ መልካም ነው፣ ሰው የሌለውን ሲፈልግ ነው ዕድሜው የሚያልቅ» ብላ ስኒውን ሰጠችው።

ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ወደዚህ ጎራ የደረሰ ሰው የለም ብላችሁ እንዳታስቡ። ፕሮፌሰር ሽፈራው ብርሃኑ ለረጅም ዓመታት ፊላደልፊያ ባለው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ፣ የኮምፕሌክስ አናሊሲስና የዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ሊቅ ናቸው። ብራዚል ከሚያስተምሩ ሁለት ባልደረቦቻቸው ከኮርዳሮና ከሁኒ ጋር የጻፉት መጽሐፍ በ2008 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። መጽሐፉ የሚያጠናው ኮምፕሌክስ ማኒፎልድን እንደ አንድ ልዩ ሁኔታ የሚይዝ ሰፊ መዋቅር ነው፤ የሜትሪክ መጽሐፍ አይደለም፣ ጎረቤቱ ግን ነው።

ለወንድሜ የመለስኩለት ይህን ነው። ላብራቶሪ አይፈልግም፣ ሪኤጀንት አያልቅበትም፣ መብራት ሲጠፋም በሻማ ይሠራል። በእኛ አገር ሁኔታ ከሕክምና ምርምር ይልቅ የሱ የተሻለ ዕድል አለው፤ እኔ አንድ ጥናት ለመሥራት የምፈልገውን ብር እሱ በወረቀትና በእስክሪብቶ ይጨርሰዋል። እኔ ስማር መካነ ሰላም ውስጥ ከፍተኛ ትምህርት ስላልነበረ የደሴ አውቶቡስ ላይ ወጥተን ነበር የምንሄደው። አሁን ከተማዋ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አላት። ሐኪም፣ ኢንጂነር፣ አካውንታንት ያስፈልገናል፤ ግን ሩብ ዙር ምን እንደሆነ ለአንድ የቦረና ልጅ በአማርኛ የሚያስረዳ ሰውም ቢያንስ አንድ ይኑር። አጎቶቻችን አልተስማሙም። እሱም ገና አልወሰነም፤ ይህን ሴሚስተር ግን ኮርሱን እያስተማረ ነው፣ በጣት ለሚቆጠሩ ተማሪዎች።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የኬለር የ1933 ጽሑፍ የተጻፈው በጀርመንኛ ነው። ወንድሜ ሰባቱን ገጽ በመዝገበ ቃላት ገፍቶታል፤ ሰባት ይቀራል። ጀርመን ያላችሁ፣ ወይም እዚያ ተምራችሁ የተመለሳችሁ ባቾች፣ ሂሳቡን ባታውቁትም ቋንቋውን ስለምታውቁ፣ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በኩል ብታገኙኝ ገጾቹን እልክላችኋለሁ።